ገጽ ሰባት ላይ ያለችው ልጅ

ፍሊንደርስ ደሴት
ሜይ 19 ቀን 2020

ብሪዮኒ፣

ፖስታሽ ደርሶኛል። የፖስታ ቤቷ ሞይራ በእጇ መዘን መዘን አድርጋ «ምነው ሌስተር፣ ኑዛዜ ነው ወይስ የፍርድ ቤት መጥሪያ?» አለችኝ። «የእህቴ ልጅ ግጥም መጻፍ ጀምራለች፤ አንብብልኝ ብላ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ባገኘችኝ ቁጥር በሐዘኔታ ነው የምታየኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። በሽታው እስካሁን ባሕሩን አልተሻገረም፤ ትንሿ አውሮፕላን ፖስታና ዱቄት አራግፋ ትመለሳለች እንጂ ሰው አታወርድም። በኢሜይል አለመላክሽ ደግ አድርገሻል። አምና ፖሊሶች ጋዜጠኛ ቤት ገብተው መሳቢያ ሲገለብጡ ካየን በኋላ፣ ወረቀትና ቴምብር የሽማግሌ ነገር መሆኑ ቀርቷል።

የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ ግን ሰነዱ የሚለውን በራሴ ቃል ልድገመው፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ስማቸውን የማይናገሩ የስለላ ሰዎች አገኘን የሚሉት ይህን ነው። ባለፈው ኖቬምበር፣ በሽታው መጀመሪያ በታየባት በዚያች የቻይና ከተማ፣ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ፍሪዘር ሞቀ። ውስጡ የነበሩት የሌሊት ወፍ ናሙናዎች ቀለጡ። አንዲት ቴክኒሻን ወደ ሌላ ክፍል ስታሸሻቸው ጓንቷ ተቀደደ፣ በሳምንቱ ታመመች፣ በዲሴምበር ሞተች፣ አስከሬኗም በምስጢር ተቃጠለ። ዓለሙን ሁሉ ቤቱ ያስቀመጠው በሽታ ከእሷ ጀመረ። ይኸው ነው አይደል?

የመጀመሪያው ጥያቄሽ «ይህን የጻፈው ሰው ላብራቶሪ ያውቃል ወይ?» የሚል ነው። ያውቃል። ጓንት ሁለት ተደርቦ አንጓ ላይ በፕላስተር እንደሚታሰር፣ የፍሪዘር ደወል በረባ ባልረባው ስለሚጮህ ሰው ሰልችቶት ድምፁን እንደሚዘጋው፣ እነዚህን ነገሮች ከመጽሐፍ አያገኛቸውም። እኔም ዕድሜዬን የጨረስኩት እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ቫይረስ ከላብራቶሪ አያመልጥም የሚልሽ ሰው ካለ ላብራቶሪ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። እና ያስፈራል፤ ጽሑፉ የእውነት ሽታ አለው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ ገጽ ሰባት ላይ ሞተች የተባለችው ቴክኒሻን ፋን ሩዪ የማውቃት ልጅ ናት ወይ ነው። ናት። የትውልድ ከተማዋም ዕድሜዋም ልክ ነው። ቪክቶሪያ ላብራቶሪ ውስጥ እያለሁ ለሥልጠና መጥታ ከዓመት በላይ አብራኝ ሠርታለች። ባለቤቴ፣ አክስትሽ ሄስተር፣ ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም ነበርና ቤቱ ባዶ ስለሆነብኝ ክፍል ሰጠኋት። በሁለተኛው ሳምንት «ሽማግሌው» ማለት ጀመረች፤ እስክትሄድ ድረስ በሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም። በየዓመቱ ለአዲስ ዓመታቸው የመልካም ምኞት ካርድ ትልክልኛለች። ዘንድሮ አልላከችም። እኔም ጫካው ሲቃጠል፣ ከዚያ በሽታው ሲመጣ፣ ልብ አላልኩትም።

ገጽ ሰባትን አንብቤ አለቀስኩ፤ ለአንቺ ምን ይደበቃል። ሌላ ጥያቄ ካለሽ ጻፊልኝ፤ ትንሽ ቀን ስጪኝ እንጂ።

አጎትሽ ሌስተር


ሲድኒ
ጁን 2 ቀን 2020

አጎቴ ሌስተር፣

ይቅርታ አድርግልኝ። ምናልባት ያውቃት ይሆናል ብዬ ነው እንጂ ቤትህ ኖራለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ያኔ ለንደን ነበርኩ። እማዬ በስልክ «ሌስተር ቤት አንዲት ተማሪ ገብታለች፣ አሁን እንኳ አትክልት ይቀምሳል» ከማለት በቀር ስሟን አልነገረችኝም። የሞት መርዶ በፖስታ ቤት ልኬ፣ ያውም «እስቲ አጻጻፉ እንዴት ነው?» ብዬ መጠየቄ! ራሴን በጥፊ ባጠናግረው ደስ ይለኛል።

ሰነዱን የሰጠኝ ማን እንደሆነ ብትጠይቀኝ አልነግርህም። ቃል ገብቼለታለሁ፤ ለዋና አዘጋጃችን ለጋርዝም አልነገርኩትም። ካንቤራ የሚሠራ፣ የታመነ ሰው ነው እስከሚለው ድረስ ነው የምሄድልህ። አጭበርባሪ አይመስለኝም። ወረቀቱን ሲሰጠኝ ፈርቷል፤ ሥራውን ብቻ አይደለም፣ እስር ቤትም ሊያስገባው ይችላል። «ለምንድን ነው የምትሰጠኝ?» ስለው «ሰው የማወቅ መብት አለው» አለኝ። እኔም አመንኩት።

መታተሙ አይቀርም ወይ ብትለኝም፣ አይቀርም። ጋርዝን ታውቀው የለም፤ ሕጉ አንድ ነው። ሁለት ባላ ትከል አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል። ሁለተኛ ምንጭ ካመጣሁ ቅዳሜ ዕለት የፊት ገጽ፣ ከውስጥም አራት ገጽ ይሰጠኛል። እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜ አንዴ ነው የሚመጣው፤ ይህን ለአንተ ብደብቅህ ሐሰተኛ ነኝ።

አሁን የምጽፈውን ስጽፍ ፊቴ ቀልቷል። ጋርዝ ሁለት ነገር ጠይቅልኝ ብሎኛል። አንደኛ፣ የልጅቷ ፎቶ አለህ ወይ? ሌላ የትም አላገኘንም። ሁለተኛ ደግሞ፣ ስልክ ቁጥር ይኖርህ ይሆናል። አንድ ጊዜ ብትደውል? ካነሳች ሞታለች የሚለው ወሬ እዚያው ላይ ያበቃል። ካላነሳች ደግሞ ያው ነው።

«ካላነሳች ያው ነው» ብዬ መጻፌን አየሁት። ሳልሰርዘው ተውኩት፤ ምን እየሆንኩ እንደሆነ አንተም እይ።

ብሪዮኒ


ፍሊንደርስ ደሴት
ጁን 10 ቀን 2020

ብሪዮኒ፣

አንደኛ፣ አይሆንም። ሁለተኛ፣ አይሆንም። ለጋርዝ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ፎቶ ካስፈለገው የራሱን ይለጥፍ።

ተቆጥቼ ነው የጀመርኩት፤ ሻይ አፍልቼ ተመልሻለሁ። አሁን ረጋ ብዬ ልንገርሽ። ያለኝ የወላጆቿ ቤት ቁጥር ነው። አስቢው እንግዲህ። ስሟ በሰላዮች ወረቀት ላይ የሰፈረ ሴት ቤት፣ ከአውስትራሊያ ስልክ ይደወላል። ደዋዩ የቫይረስ ሰው ነው። «ሩዪ አለች ወይ?» ይላል። ያ ወረቀት እዚህ ድረስ ከመጣ እዚያም የሚያውቀው አይጠፋም። ልጅቱ በሕይወት ካለች በማግስቱ በሯን የሚያንኳኳው ማን ነው? አባቷ የትምህርት ቤት ጡረተኛ ነው፤ እናቷ ልበ ደካማ ናት። እኔ ልቤ እንዲያርፍ ብዬ የእነሱን ቤት አላፈርስም።

አልፈለግሁም እንዳትዪኝ ደግሞ። ስልኩን አንስቼ የአገሩን ቁጥር መትቼ አስቀምጬዋለሁ። እንደ ልጄ ነበረች። ካላመንሽኝ እማማሽን ጠይቂ፤ ሩዪ የሄደች ሰሞን እህቴ እኔን ለማጽናናት ከሲድኒ ድረስ ነው የመጣችው።

ስለ ወረቀቱ ያልኩትን አልቀየርኩም። ላብራቶሪውን እየተከላከልኩ አይደለም፤ ተደብቆ ከሆነም ይውጣ፣ ሰው አልቋልና። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ ስጪው። ይህ ነገር እውነት እንዲሆን ትፈልጊያለሽ ወይ?

ከጎረቤት በጨው የተያዘ የባሕር ወፍ ሰጥተውኛል። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። አንቺ ብትኖሪ አፍንጫሽን ይዘሽ ትወጪ ነበር።

ሌስተር


ካንቤራ
ጁን 21 ቀን 2020

አጎቴ፣

እዚህ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይጋገራል። የሆቴሉ ማሞቂያ ይንኳኳል እንጂ አይሞቅም። በጓንት ነው የምጽፍልህ፣ ጽሑፌን ካላነበብከው ለዚያ ነው።

ስለ ጥያቄህ፦ አዎ፣ እውነት እንዲሆን እፈልግ ነበር። መኪና ውስጥ ሆኜ ጮክ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ሳነበው ዓይኔ ትንሽ ተለወጠ።

ሁለተኛውን ምንጭ አገኘሁት። ማን መሆኑን አልልህም፤ ከመጀመሪያው ሰው ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት አይሠራም። ሐይቁ ዳር ሁለት ሜትር ተራርቀን ስንራመድ ነበር። ሁሉንም ነገር አረጋገጠልኝ። አረጋገጠልኝ ስልህ ግን፣ ቃል በቃል ነው። «ደወሉ በረባ ባልረባው ስለሚጮህ ድምፁ ተዘግቶ ነበር» ስትል ጽፈህልኝ የለ? ወረቀቱም እንደዚያ ነው የሚለው፤ ሰውዬውም እንደዚያው አለኝ። እንደ ጸሎት በቃሉ ይወጣዋል። «አንተ ራስህ ያየኸው ነው ወይስ አንብበኸው ነው?» ስለው «እንዲህ ያለ ነገር ማን በዓይኑ ያያል?» ብሎ ሳቀብኝ። ሁለቱ ባላዎች ከአንድ ዛፍ የተቆረጡ ይሆኑ እንዴ? ብዬ ፈራሁ።

ይህንኑ ለጋርዝ በስልክ ነገርኩት። «ሁለት ሰው፣ ሁለት መሥሪያ ቤት፣ አንድ ታሪክ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ቫይረሱ ራሱ መጥቶ እንዲፈርምልሽ?» አለኝ። ሳቅሁ፤ ቀልዱ ጥሩ ነበር። ለጁላይ 11 ቅዳሜ ተቆርጧል። የልጅቷ ስም በርዕሱ ውስጥ ነው። ፎቶ እንደሌለህ ነገርኩት፤ ዋሸሁልህ።

እባክህ፣ አንድ ጊዜ ደግመህ አንብበው። አንተ ብቻ ነህ ሁለቱንም የምታውቅ፣ ሥራውንም ልጅቷንም። ስህተት ካለበት ስህተቱን አግኝልኝ። ከሌለበትም ንገረኝ፣ አትራራልኝ።

ብሪዮኒ


ፍሊንደርስ ደሴት
ጁን 29 ቀን 2020

ብሪዮኒ፣

ሰላምታው ይቆየን። ገጽ ስድስትን አውጪ፣ ሁለተኛውን አንቀጽ። እኔ እዚህ ልገልብጥልሽ።

«ፍሪዘሮቹ የቆሙት ከሰሜኑ መስኮት ፊት ለፊት ነው። በሰሜን መስኮት ፀሐይ ስለምትገባ መጋረጃው ሁልጊዜ ይወርዳል። በዚያ ሳምንት ግን መጋረጃው ተሰብሮ ስለነበር ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ሦስተኛው ፍሪዘር ላይ ስታርፍ ዋለች፤ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ቆመ።»

ምን ታየሽ? ምንም። ለእኔም ምንም አልታየኝም፤ ደጋግሜ አንብቤ «ልክ ነው» ብያለሁ። ለጋርዝም፣ ለጠበቆቻችሁም፣ ለዚያ ካንቤራ ላለው ሰውዬሽም አልታየውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ወረቀቱን እንደገና ላነብ ብዬ አቃተኝ፤ ሩዪን ነው የማስበው። የመጣች ሰሞን የብርድ ወራት ነበር። ልብሷን አጥባ ከቤቱ ኋላ፣ በደቡብ በኩል፣ ገመድ ወጥራ አሰጣች። በሦስተኛው ቀን ልብሱ እንዳለ ረጥቦ፣ ሻግቷል። ወጥ ቤት ገብታ «ሽማግሌው፣ አገራችሁ ፀሐይ የለውም እንዴ?» አለችኝ። «በሰሜን በኩል ስጪው» ስላት የቀለድኩባት መሰላት። ሆ! ምን ያላለችኝ አለ። «ፀሐይ በደቡብ እንደምትሄድ ሕፃን ልጅ ያውቃል! እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በደቡብ መስኮት ነው ልብስ የምታሰጣው!» አለችኝ። እጇን ይዤ ወደ ውጭ አወጣኋትና አሳየኋት። ቆማ ወደ ሰማይ ስታይ ቆየች። «ተገልብጣችሁ ነው የምትኖሩት» አለችኝ።

ገባሽ? እኛ እዚህ ከምድር ወገብ በታች ስለሆንን ፀሐይን በሰሜን ነው የምናውቃት። ቤት ሻጩ «ፊቱ ወደ ሰሜን ነው» ብሎ ዋጋ ይጨምርብሻል። እነሱ አገር ግን ተቃራኒው ነው። ቤት ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ነው የሚሠራው። በኖቬምበር ደግሞ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በደቡብ ስለምትሄድ በሰሜን መስኮት ቀኑን ሙሉ ቀርቶ አንዲት ደቂቃም አትገባም። እዚያ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው፣ እዚያች ከተማ ያደገ ሰው፣ ይህን ሊጽፍ አይችልም። የጻፈው ላብራቶሪ የሚያውቅ ሰው ነው ብዬሽ ነበር፤ አዎ ያውቃል፣ የእኛን ላብራቶሪ። ፀሐይን በሰሜን እያየ ያደገ የእኛው ሰው ነው። ኒውዚላንዳዊም ሊሆን ይችላል፤ በእነሱ ባላክከው ደስ ይለኝ ነበር።

ጋርዝ ግን «የተርጓሚ ስህተት ነው» ይልሻል፤ ልክ ነው፣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ወረቀቱን የሰጠሽን ሰውዬ አግኚውና ስህተቱን ሳትነግሪው «ፍሪዘሮቹ በየትኛው መስኮት ፊት ለፊት ነበሩ? ፀሐይዋ በየት ነው የምትገባ? እዚያ የሠራ ሌላ ሰው ያረጋግጥልኝ» በይው። «ይቅርታ፣ ደቡብ ለማለት ነው» ብሎ ከመጣ ወረቀቱ ገና ነፍስ አለው። «ሰሜን ነው» ብሎ ከመጣ አንቺው ታውቂያለሽ።

ይህ ሁሉ በሽታው ከላብራቶሪ አልወጣም ማለት አይደለም። እኔ አላውቅም፤ አሁን የሚያውቅ ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ። ያ ወረቀት አያውቅም፤ የምለው ይህን ብቻ ነው።

በዛሬው አውሮፕላን እንዲደርስሽ ሞይራን ለምኛታለሁ። «አስቸኳይ ግጥም ነው?» አለችኝ።

ሌስተር


ሲድኒ
ጁላይ 16 ቀን 2020

አጎቴ፣

ቅዳሜ ጋዜጣውን ስታይ የፊት ገጹ ላይ ስለ ወደብ ሠራተኞች አድማ አንብበህ እፎይ ብለህ ይሆናል። እኔም እፎይ ብያለሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ ከፍቶኛል። ምን ተፈጠረ ብለህ መጠየቅህ አይቀርምና ልንገርህ።

ሰውዬውን አገኘሁት፤ እንዳልከኝ ጠየቅሁት። በሳምንቱ ፊቱ በርቶ መጣ። «አስጠይቄልሻለሁ» አለኝ። «ከመጀመሪያው ጋር ጨርሶ የማይተዋወቅ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው አረጋግጧል። ሰሜን ነው። እንዲያውም ከፀሐዩ ብዛት የፍሪዘሩ ቀለም ተልጧል።» ቀለሙ! አጎቴ፣ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ። ከዚያ ግን አየሁት፤ ደስ ብሎታል፤ እኔን ስለረዳኝ ደስ ብሎታል። እሱም የሰጡትን ነው የሰጠኝ። ከእሱ በላይ ያለውን አላውቅም፤ ማን እንደፈጠረው፣ ለምን እንደፈጠረው፣ ከመካከሉ አንዲት እውነት ነገር ነበረችው ወይ፣ አላውቅም። አመስግኜው ተለየሁ።

ጋርዝ ጋ ገባሁ። «ቢሮህ ምነው እንዲህ ይሞቃል?» አልኩት። «ወደ ሰሜን ስለሚያይ ነዋ፤ በዚህ ክፍል ስንት ሰው ተጣልቷል መሰለሽ!» አለኝ። ገጽ ስድስትን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አነበበው። መስኮቱን አየ። ደግሞ አነበበው። ከዚያ የተናገረውን አልጽፍልህም፤ ሞይራ ፖስታ ከፍታ የምታነብ ከሆነ ትደነግጣለች።

ወዲያው የተወው እንዳይመስልህ። «ስሟን አውጥተን ብናትመውስ?» አለ። «ጥያቄ ነው ያነሳን ብንልስ? ማስታወቂያው እኮ ወጥቷል!» አለ። «ጋርዝ፣ በስማ በለው ሰው አይገደልም» አልኩት። «እሷ ሞታለች» አለኝ። «ማን አለህ?» አልኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጋርዝ ግን ሞኝ አይደለም፣ ለቀቀው። እስከ አሁን ግን ፊት ነስቶኛል። ከሰኞ ጀምሮ የከተማ ምክር ቤቶችን ጉዳይ እንድዘግብ ተመድቤያለሁ። ትናንት ስለ ቆሻሻ ገንዳ ክዳን ቀለም ስብሰባ ተቀምጬ ዋልኩ።

«ውሸት መሆኑን ለምን አትጽፊውም?» ልትለኝ ነው። አስቤበታለሁ። ለመጻፍ ወረቀቱን ማሳየት አለብኝ፤ ወረቀቱን ካሳየሁ ገጽ ሰባት አለ። ሰውዬውም ይጋለጣል፤ ቃል ሰጥቼዋለሁ። ስለዚህ ምንም አይጻፍም። የዚህ ሁሉ ወራት ሥራዬ ፍሬ በጋዜጣው ላይ ያልወጣ ነገር ነው፤ ለእማዬ እንኳ ቆርጬ የምልክላት የለኝም። ሰነዱ ወደ ሌላ ጋዜጣ መሄዱን ሰምቻለሁ። እነሱ ጠበቆቻቸው ፈርተው ስም ሳይጠሩ አጠር አድርገው አወጡት። ሰው አንብቦት ወዲያው ረሳው።

ስለ ልጅቷ አልጠይቅህም። ወረቀቱ ውሸት ስለሆነ እሷ ደህና ናት ማለት እንዳልሆነ ገብቶኛል። ካርዷም ዘንድሮ አልመጣም። ይህንን ያህል ቀን አንተ ከዚህ ጋር ብቻህን መቀመጥህን አልረሳሁትም። ድንበሩ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እኔ ነኝ፤ ያንን ወፍም ቢሆን እበላለሁ።

ብሪዮኒ


ፍሊንደርስ ደሴት
ሴፕቴምበር 8 ቀን 2020

ብሪዮኒዬ፣

ሳልጽፍልሽ ቆየሁ፤ የምጽፈው አጥቼ ነው። ዛሬ አለኝ። አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥዪው። ይህን የማዝሽ በጋዜጠኝነትሽ ስለማላምንሽ ሳይሆን ወላጆቿ አሁንም እዚያችው ከተማ ስለሚኖሩ ነው።

ትናንት ምሳ ሠርቼ ስቀመጥ ሞባይሌ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው፤ የኢንሹራንስ ሻጭ መስሎኝ «አልፈልግም» ብዬ አነሳሁት። ከዚያ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ «ማን ነው?» አለች። ራሷ ደውላ!

«ሌስተር ፔንጌሊ ነኝ፤ አንቺስ ማን ነሽ?» አልኳት።

«አይደለህም» አለች።

ድምፁን አወቅሁት። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ሩዪ?» አልኩ።

«ቆይ፤ መጀመሪያ አረጋግጥልኝ» አለችኝ። «በዚህ በሽታ የአንተ ዕድሜ ሰዎች እያለቁ ነው፤ ስልክ ደግሞ ማንም ያነሳል። ሽማግሌው ከሆንክ ቤትህ በገባሁ ሰሞን ወጥ ቤትህ ውስጥ ያቃጠልኩት ምንድን ነው?»

«ሩዝ ነዋ!» አልኩ በልበ ሙሉነት።

«ዓሣ ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። «ያውም ራስህ አጥምደህ ያመጣኸውን ዓሣ! ቤቱ ሳምንት ሙሉ ሲሸት ከርሞ!» ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። «አንተ ነህ» አለች እያለቀሰች፤ «ድሮም ምንም አታስታውስም፤ በትክክል ብትመልስ ስልኩን እዘጋው ነበር።»

አለች ብሪዮኒ። በሕይወት አለች፤ ድምፅዋ እንደ ድሮው ጆሮ ይበሳል። ሲንጋፖር ናት። አምና አጋማሽ ላይ አግብታ ከባሏ ጋር ሄዳለች፤ ላብራቶሪውን ትታ ከአማቷ ጋር ኑድል ትሸጣለች። ያስተማርኳትን ሥራ መተዋን ለመንገር አፈረች፤ ዘንድሮ ካርድ ብትልክልኝ እሱን መጻፍ ሊኖርባት ነው፤ ስለዚህ ዝም አለች። ኋላ ሽማግሌዎች ሲሞቱ በዜና ስትሰማ «ሞቶ ይሆናል» ብላ፣ ለመደወልም ፈርታ፣ ይኸው እስከ ትናንት ቆየች። እኔ እሷን ሞታለች ብዬ፣ እሷ እኔን ሞቷል ብላ፣ ስንት ወር! በኖቬምበር እዚያ ከተማ እንኳ አልነበረችም። ያኔ ብደውል ኖሮ በአምስት ደቂቃ ያልቅ እንደነበር አውቃለሁ። የሚጮኸው ግን ወላጆቿ ቤት ነበር። ዛሬም ቢሆን አልደውልም ነበር።

ብዙ አወራን። አማቷን አማችልኝ። ባሏ ረጅም ነው፣ ምግብ ያጣፍጣል አለች። ወላጆቿ በሽታውን አልፈውታል፤ ደህና ናቸው፤ እናቷ ልቧን የምትታከምበት ሐኪም አግኝታለች። እኔ ደግሞ ስለ ጉልበቴ ነገርኳት። አንድ ሁለቴ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ስሟ የት የት እንደደረሰ፣ ስንት ሰው እንዳነበበው፣ የፊት ገጽ ላይ ሊወጣ እንደነበር። ዋጥኩት። ይህን ብነግራት ከነገ ጀምሮ እናቷን በስልክ ስታወራ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል።

ልትሰናበተኝ ስትል «እኔ ብቻ ነኝ ያወራሁት» አለች። «እናንተ ጋ ዘንድሮ ምን አዲስ ነገር አለ?»

«ምንም የለም ልጄ» አልኳት። «እዚህ መቼም ምንም ነገር አይፈጠር።»

ሌስተር